ሰባት ቤት

ከአዘዞ መንገድ ዳር፣ ከጓዴ ግቢ በር፣
ቡላን ይዤ ሄድኩኝ፣ ከሬክስ ላስጠቃት ነበር።
አፏን ፈልቅቆ አየ፣ ላንቃዋን ፈተሸ፣
«ቀይ ላንቃ አይናከስም» ብሎ ፊቱን አበላሸ።
«ደግሞስ ከዚህ በፊት ከማን ወልዳለች?»
«ከቀሃ ወንዝ ዳር ውሻ…» «በቃ! ረክሳለች!
የፊተኛው ደሙ ሆዷ ውስጥ ይቀራል፣
ሬክስ ቢያገኛትም ልጁ ያን ይመስላል።»

ጓዴ፣ ማህፀንን የጠላ ጋን አልከው?
ያምና አምቡላ ከሥሩ ተኝቶ የቀረው?
ጋኑም እኮ በግራዋ ታሽቶ፣ በወይራ ታጥኖ፣
ያምናውን ይረሳል፣ ለዘንድሮው ሆኖ።
ይህን የምናገር ተምሬ አይደለም፤
ሠላሳ ዓመት በሬ ይዤ ነው፣ ለእንስሳት ሐኪም።

ከግቢው ጥግ ደግሞ ሦስት ቡችሎች አሉ፣
ጆሯቸው ተቆርጦ በጨርቅ የተጠቀለሉ።
«አያቱን ቆረጥኩት፣ አባቱንም ደገምኩ፣
ሹል ሆኖ ሊወለድ ነው፣ ጥቂት ከታገስኩ።»
ሳቄ አመለጠኝ፦ «ስንት ሺህ ዓመት ነው፣
ወንድ ልጅ በስምንት ቀኑ የምንገርዘው?
እስቲ ንገረኝ ጓዴ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን፣
ተገርዞ የወጣ ከእናቱ ሆድ ማን?»

አልሳቀም። ሚጥሚጣ በሽሮ ለወሰ፤
አንዷ ቀምሳው ጮኸች፣ ዓይኗ እንባ አፈሰሰ።
«ቁጡ ትሆናለች» አለ። ያን ቁጣ ያለውን
ሐኪም ቢያየው ኖሮ፣ «ጨጓራ» ይለው ነበር ስሙን።

የዘር ወረቀት አለው፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ፒያሳ የታተመ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት፤
አያት፣ ቅድመ አያቱ፣ ሁሉም «ንጹሕ» ተብሎ፤
ገዢ ወረቀቱን ያያል፣ ውሻውን ዘሎ።

እኔስ ብሆን? እኔም ከስህተት አልዳንኩም።
«ድቅል አይታመምም» ማለቴን አልክድም፤
የቡላን ዳማ ልጅ፣ ወፍራሙን፣ የኔን ኩራት፣
በሳምንቱ ቀበርኩት ከጓሮ፣ ከጽዱ ሥር ባለ መሬት።

ደግሞ አንድ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ መሐል፣
«የቡላ ልጆች» ብል፣ «ሁለት አባት አላቸው፣ ይሆናል፣
ጥቁሮቹ ካንዱ፣ ዳማዎቹ ከሌላ፣»
ከበግ ተራ እስከ ዶሮ ተራ ሳቀብኝ ሰው ሁላ።
እሱ ግን እውነት ነው። ሐኪሟ እንይሽ ነግራኛለች።
እውነት ተሳቀባት፤ ውሸት በብር ተሸጠች።

ባለፈው እሁድ፣ ጓዴ ቤት፣ ሽማግሌ ተጠራን፤
ለልጁ ለዘቢደር ባል መጥቷል ከደንቢያ አሉን።
ጋቢያችንን አጣፍተን ዘር መቁጠር ጀመርን፣
አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ጣታችንን እያጠፍን።
አምስተኛው ላይ አንዲት ሴት ተገኘች፣
የቆላ ድባ ሰው፣ በሁለቱም ወገን የተጠራች።
ጓዴ ብድግ አለ፦ «ደም ነው! አይሆንም!
ሰባት ቤት ሳይሞላ ልጄን አልድርም!»

ልክ ነው። እኔም «ልክ ነው» አልኩ።
ወዲያው ግን ከጓሮ የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ፦
ሬክስ ነው፤ ከገዛ ልጁ ጋር ተዘግቶ፣
«ዘሩ እንዳይበረዝ» በሚል በሩ ተቀርቅሮ ተዘግቶ።
ጣቴ ገና እንደታጠፈ ነበር፣ አምስተኛው ላይ፤
«ለሬክስስ ስንት ቤት ቆጠርክ?» ልለው ነበር ወይ?
ከመጋረጃው ጀርባ ዘቢደር ታለቅሳለች፤
ጥያቄዬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀረች።

ያኔ ነው ያ ቡችላ፣ ባለ ወረቀቱ፣
አባቱ አያቱ የሆነው፣ እህቱ እናቱ፣
ሽንጡን እየጎተተ ደፉን ሊሻገር ሞከረ።
የፊት እግሩ ገባ፤
የኋላው ውጭ ቀረ።